ከኋላ ያለው ሕዝብ ድምፁን ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ የስታዲየም ኮንሰርት ዲሌይ ታወር እንዴት ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ሳውንድ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ በጣም የታወቀ የሮክ ባንድ በስታዲየም ቱሩ ላይ ነው፤ ዋናውን የድምፅ ሲስተም ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ዲሌይ ታወሮቹ (ለኋላው ሕዝብ ድምፁን ከዋናው ጋር እንዲገጥም አዘግይተው የሚያሰሙ የስፒከር ማማዎች) ግን የእኛ ቡድን ሥራ ናቸው። መድረኩ በሜዳው አንድ ጫፍ ነው። ላይን አሬዎቹ (ከላይ ወደ ታች የተደረደሩት ዋና ስፒከሮች) ግራና ቀኝ ተሰቅለዋል። ሁለቱ ታወሮች ከመድረኩ ጫፍ 70 ሜትር ላይ ቆመዋል፣ የመጨረሻው መቀመጫ 130 ሜትር ገደማ ይርቃል። 70ን ለ343 (የድምፅ ፍጥነት፣ ሜትር በሰከንድ) አካፍዬ ለታወሮቹ የ204 ሚሊሰከንድ መዘግየት ሰጠኋቸው። ዛሬ ከሰዓት በ28 ዲግሪ ሙቀት ስንሞክረው ሦስት ነገር ወጣ፦

ሀ) ታወሩ አጠገብ የቆመ ሰው ዘፋኙ ታወሩ ላይ የወጣ ይመስለዋል።
ለ) የጎን መቀመጫ ላይ ኪክ ድራሙ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) "ዱም-ዱም" እያለ ሁለት ጊዜ ይመታል።
ሐ) መድረክ ላይ ማይክ የሚፈትሸው ልጅ የገዛ ድምፁ ዘግይቶ እየተመለሰበት አፉ ተሳሰረ።

ኮንሰርቱ ነገ ማታ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሊቀ ድምፅ

ወንድሜ፣ ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንዷን ቁጥር ስትነካካ ብታድር አይፈቱም። (ሀ)ን ልያዝልህ።

ሜትሩን የጀመርከው ከመድረኩ ጫፍ ነው፤ ድምፁ የሚነሳው ግን ከተሰቀለው ስፒከር ነው። ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ከመድረኩ ጫፍ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ይሰቀላል። 4 ሜትር ገባ ብሏል እንበል፤ ርቀትህ 74 ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ 343 የ20 ዲግሪ ቁጥር ነው። 331.3 ላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ጨምር፤ በ28 ዲግሪ 348 ሜትር በሰከንድ ይወጣል። 74 ለ348 ሲካፈል 213 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንተ 204 ስለሰጠኸው ታወሩ ከመድረኩ ድምፅ 9 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይናገራል። ጆሮ ደግሞ ቀድሞ የደረሰውን ነው ምንጭ ብሎ የሚይዘው፤ ዘፋኙን ታወር ላይ ያወጣው ይሄ ነው።

ስሌቱ መነሻ ብቻ ነው። የሲስተሙ ፕሮሰሰርም ወደ ታወሩ የሚሄደው መስመርም የራሳቸው መዘግየት አላቸው፣ ስለዚህ የመጨረሻውን ቁጥር በመለኪያ ማይክ አውጣው። ማይኩን ከታወሩ ኋላ፣ ታወሩ በሚያይበት አቅጣጫ፣ የዋናው ሲስተምና የታወሩ ድምፅ መጠን እኩል በሚሆኑበት ቦታ ትከለው። ሁለቱ ድምፆች ክፉኛ የሚጠፋፉት እኩል ሲሆኑ ነው፣ ልኩም መያዝ ያለበት እዚያው ነው። ታወሩን ዝጋና ፒንክ ኖይዝ (ለመለኪያ የሚሆን "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ) በዋናው ብቻ ልቀቅ፣ የመድረሻ ሰዓቱን ያዝ። ቀጥለህ ዋናውን ዝጋና ታወሩን ብቻ ልቀቅ። ልዩነቱን ታወሩ ላይ ጨምር። ባሱ ሰዓቱን ስለሚያደበዝዘው የምታነበው ከመካከለኛው ድምፅ በላይ ያለውን ይሁን። በመጨረሻ 15 ሚሊሰከንድ ድረብበት፣ ዘፋኙ ወደ መድረኩ ይመለሳል።

መልስ፦ ፌደር ነኝ

ሊቀ ድምፅ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ 15ቱ ላይ ግን አልስማማም። ለአንድ ዘፋኝና ለጊታር ይሠራል። ኪክና ስኔር (ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ፊት ለፊት በሚመቱበት የሮክ ሚክስ ግን 15 ሚሊሰከንድ ምቱን ያወፍረዋል፣ ጥርት ያለው "ጣ" "ጥራ" ይሆናል። እኔ 5 ወይም ቢበዛ 10 ነው የምለው።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። ታወሩ ራሱ በሚሸፍነው አካባቢ ከዋናው 3 ዴሲቤል ገደማ ቢበልጥ ይበቃዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ታወሩ ክፍት ሆኖ ስትሄድ መኖሩን ልብ አትለውም፤ ሲዘጋ ግን ድምፁ ባንዴ ሩቅና ድፍን ይሆንብሃል። ክፍት ሆኖ ከታወቀህ ጮኋል።

መለኪያ ሶፍትዌር ከሌለህ ከሜትሮኖም "ቀጭ" የሚል ድምፅ በሁለቱም ልቀቅና ሁለት "ቀጭ" አንድ እስኪሆን ድረስ ዲሌዩን ቀስ እያልክ ጨምር። "ሄሎ ሄሎ" እያሉ መለካት ግን ይቅርብህ፣ የሰው ድምፅ ጅማሬው ደብዛዛ ነው።

መልስ፦ ማሚቶ አዳኝ

ስለ (ለ)። የኪክ ድርብታ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ድርብታው በተሰማበት ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ታወሮቹን ዝጋና ኪኩን ብቻ አስመታ።

ድርብታው ከጠፋ ጥፋቱ የታወሩ ነው። ምክንያቱን በቁጥር እይ፦ የጎን ተመልካቹ ከዋናው ስፒከር 80 ሜትር፣ ከታወሩ 45 ሜትር ላይ ተቀምጧል እንበል። የዋናው ድምፅ በ230 ሚሊሰከንድ ይደርሰዋል። የታወሩ ድምፅ 225 (213ቱና የሚደረብበት 12 ገደማ) ጠብቆ ከወጣ በኋላ ሌላ 129 ይጓዛል፣ በድምሩ 354። ልዩነቱ 124 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይሄ ጥርት ያለ ማሚቶ ነው። ከታወሩ ኋላ፣ ታወሩ በሚያይበት አቅጣጫ ላለው ሰው ግን ሁለቱም ከአንድ አቅጣጫ ስለሚመጡ ልዩነቱ አይሰፋም። ስለዚህ ቁጥሩን አትንካ። ታወሩን ወደ ውስጥ አዙር፣ አግድም ስርጭቱ ጠባብ የሆነ ስፒከር ካለህ እሱን ስቀል፣ ከ100 እስከ 120 ኸርዝ በታች ያለውን ከታወሩ ቁረጥ። የኪኩን ሆድ የመድረኩ ሰብዉፈሮች (የባስ ስፒከሮች) ራሳቸው እስከ ኋላ ያደርሱታል። ዝቅተኛ ድምፅ ዙሪያውን ስለሚፈስ ታወሩ ላይ ሰብዉፈር የጫነ ሰው ለጎን መቀመጫ ማሚቶ እያደለ ነው።

ታወሮቹ ተዘግተውም ድርብታው ካለ፣ ከፊት ለፊቱ ካለው መቀመጫና ከጣራው ስር የሚመለስ ነው። ያኔ የላይን አሬው የላይኞቹ ሳጥኖች ጣራውን እየመቱ እንደሆነ እይ፤ አንድ ሁለት ዲግሪ ወደ ታች ማዘንበል ብዙ ለውጥ ያመጣል። በዚህኛው ግን ቶሎ አትደንግጥ። ባዶ ስታዲየም ከሞላው ይልቅ ይጮኻል፤ ነገ ሕዝቡ ሲቀመጥ ከፍተኛና መካከለኛው ድምፅ በልብስና በገላ ይዋጣል። ባሱ ግን ሕዝብ አለ ብሎ አይቀንስም።

መልስ፦ ሊቀ ድምፅ

የ15ቱን ነገር ተቀብያለሁ፣ 10 ይሁን።

ለ(ሐ) ደግሞ ስሌቱን ልስጥ። ታወሩ (10ሩን ሳንጨምር) 213 ጠብቆ ይናገራል፣ ከጀርባው የሚያመልጠው ድምፅ 70 ሜትር ተጉዞ መድረኩ ጋ ሲደርስ ሌላ 201 ይጨመራል። ልጁ ራሱን ከ414 ሚሊሰከንድ በኋላ ይሰማል ማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ማንም ይንተባተባል። ባሱን ስትቆርጥ ከጀርባ የሚያመልጠው ይቀንሳል። ታወሮቹ ተዘግተው ድምፁ ከሦስት አራተኛ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ ደግሞ የሩቁ መቀመጫ ነው የሚመልሰው፣ 260 ሜትር ደርሶ መልስ ነውና። ባንዱ ራሱ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሞኒተር ከተጠቀመ ብዙም አይረበሽም፣ መድረክ መሪው ግን ያለ ሞኒተር ከወጣ ያው ይገጥመዋል፤ አስቀድመህ ንገረው።

ነገሩ የቆየ ራስ ምታት ነው። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ሺ ስታዲየም ከ55,000 በላይ ሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የያዙት 100 ዋት የቮክስ አምፕሊፋየሮችን ነበር፣ የዘፈኑ ድምፅም በስታዲየሙ መለፈፊያ ወጣ፤ ጩኸቱ ዋጠው። በ1973 ግን ግሬትፉል ዴድ ዋትኪንስ ግሌን ላይ ከሌሎች ሁለት ባንዶች ጋር 600,000 ለሚገመት ሕዝብ ሲጫወት የሩቆቹ ስፒከሮች በዲጂታል ዲሌይ ተለክተው ነበር። አንተ ነገ የምትሠራው ያንኑ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ጀማሪ ሳውንድ

እግዜር ይስጥልኝ። ስፒከሩ በእርግጥም 4 ሜትር ወደ ኋላ ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። ነገ ማታ ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል ተብሏል፣ የዛሬው ልኬት ይሠራል? ከሚክሰሩ ወደ ታወሩ የሚሄደው ኬብል በሜዳው ዳር ስለሚዞር 180 ሜትር ሆነ፣ የኔትዎርክ ኬብል ዘርግተን ምልክቱ እየተቆራረጠ ነው። ደግሞ አዘጋጁ ታወሩ ላይ 3 በ4 ሜትር የሆነ ባነር ካልሰቀልኩ ብሏል።

መልስ፦ ፌደር ነኝ

በ74 ሜትር ላይ እያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ከ28 ወደ 14 ስትወርድ 213 የነበረው ወደ 218 ይሄዳል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ስለሚዘገይ ታወሩም መዘግየት አለበት። በሩ ሲከፈት አንድ ጊዜ፣ ዋናው ባንድ ሊወጣ ሲል አንድ ጊዜ ቴርሞሜትር አይተህ ጨምር። በዘፈን መሃል ግን አትንካው፣ ይሰማል።

እርጥበቱንም እይ። በ15 ዲግሪ፣ አየሩ ደረቅ ሆኖ እርጥበቱ 20 ከመቶ ከሆነ የ8,000 ኸርዝ ድምፅ በ100 ሜትር ውስጥ 20 ዴሲቤል ገደማ ይጠፋል፤ እርጥበቱ 80 ከመቶ ሲሆን 8 ገደማ ብቻ። የሲምባሉ "ጽስስ" ከኋላ ጠፋ ብለህ ዋናውን ብታሾለው የፊተኞቹን ጆሮ ነው የምትበሳው፤ ታወሩ ላይ ጨምር።

መልስ፦ ገመድ አዋቂ

የኔትዎርክ ኬብል ልኩ 100 ሜትር ነው፣ 180 ላይ መቆራረጡ አይገርምም። መሃል ላይ ስዊች (ምልክቱን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሳጥን) ብታስገባ ይሠራል፤ ግን ሕዝብ መሃል ኃይል የሚፈልግ ተጨማሪ ዕቃ ማቆም ነው። ፋይበር (ምልክቱን በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ዘርጋ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ታወሩ በሌላ ጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ በመዳብ ኬብል ሲገናኝ የሁለቱ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የደኅንነት መስመር) ልዩነት "ዝዝዝ" የሚል ጉርምርምታ ያመጣል፤ ፋይበር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብሎ የኧርዝ ሽቦ የሚቆርጥ ካየህ እጁን ያዘው፣ ሰው ይገድላል። መጠባበቂያ መስመር በሌላኛው የሜዳው ዳር አሳልፍ፤ ሁለቱን በአንድ ቱቦ መክተት አንድ ፎርክሊፍት ለሁለቱም ይበቃል ማለት ነው።

መልስ፦ ብረት ሰቃይ

ባነሩን እንቢ በል። ምክንያት ከጠየቀ ይህን አሳየው፦ ነፋስ በሰከንድ 20 ሜትር ሲነፍስ በካሬ ሜትር 245 ኒውተን ይገፋል። 12 ካሬ ሜትር ባነር ላይ 2,940 ኒውተን፣ ማለትም የ300 ኪሎ ግፊት ነው። ባነሩ መሃሉ 8 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነና የታወሩ መሠረት 4 ሜትር ስፋት ካለው፣ ያንን ብቻ ለመቋቋም 1,200 ኪሎ ክብደት መሠረቱ ላይ ያስፈልጋል። ይህ የባነሩ ብቻ ነው፤ የስፒከሮቹና የብረቱ የራሳቸው ግፊት፣ የቅርፁ ማባዣና የደኅንነት ህዳጉ አልገቡበትም። ነፋሱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አሁን ያለው ክብደት የተሰላው ያለ ባነር ከሆነ፣ ባነሩ የሚሰቀለው መሐንዲሱ እንደገና አስልቶ ከፈረመ በኋላ ነው።

ታወሩ አናት ላይ የነፋስ መለኪያ ይኑር፣ መሬት ላይ ያለው ያሳስታል። በስንት ላይ ስፒከሩ ዝቅ እንደሚል፣ በስንት ላይ ሕዝቡ ከታወሩ ዙሪያ እንደሚርቅ መሐንዲሱ በወረቀት ይስጥህ፤ የሚወስነውም ሰው በስም ተጽፎ ይታወቅ። ስፒከሩን የሚያወርደውን ሞተር የሚይዘው ልጅ ኮንሰርቱ እስኪያልቅ ከታወሩ ስር እንዳይጠፋ።