አብሪው ፕሮቲን ጂኤፍፒ በ24ኛው ሰዓት ያበራል፣ በ48ኛው ይደበዝዛል፤ ምን ላድርግ?

ጠባሴ (ጠያቂ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ የሰው ትራንስፖርተር (በህዋስ ሽፋን፣ ማለትም በሜምብሬን፣ ላይ ሆኖ ነገሮችን የሚያሳልፍ ፕሮቲን) ፒኪያ ፓስቶሪስ በሚባለው እርሾ እያመረትኩ ነው፤ ለክራዮ ኢኤም (በቀዘቀዘ ናሙና የፕሮቲንን ቅርጽ ለሚያሳይ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ)። ስኳር የሚንጠለጠልባቸውን ሦስት አስፓራጂን የተባሉ አሚኖ አሲዶች ወደ ግሉታሚን ለውጬ ጭራው ላይ ጂኤፍፒ ቀጥያለሁ። በ2 ሊትር ፍላስክ 1 ሊትር፣ 30 ዲግሪ፣ በቀን አንዴ 0.5 በመቶ ሜታኖል። ከ24 ሰዓት በኋላ ድምቀቱ ይወርዳል። ናሙናውን አፍልቼ ፕሮቲንን በመጠን በሚለይ ጄል ላይ ስጭነው ደግሞ ከጉድጓዱ አፍ አልወርድ ይላል።

አንኮበር፦ አያፍሉት። ሜምብሬን ፕሮቲን ሲፈላ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀረው እሱ ነው። ጂኤፍፒውም ብርሃኑን ያጣል። 37 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ጄሉን ቀለም ሳይነክሩ በሰማያዊ ብርሃን ይዩት። 27 ኪሎዳልተን አካባቢ ብቻውን የሚያበራ መስመር ካለ ጂኤፍፒው ተቆርጦ ወድቋል። ያን ጊዜ የህዋሱን ድምቀት አይመኑት።

መንዝ፦ እኔ የምጠረጥረው አየሩን ነው። ፒኪያ ሜታኖልን የሚያቃጥለው በኦክስጅን ነው፤ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ በአየሩ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። በ2 ሊትር ፍላስክ ከ250 ሚሊ ሊትር አይለፉ። ግድግዳው ወደ ውስጥ የተጎረበጠውን ዓይነት ይምረጡ፤ አፉን በፎይል አይድፈኑት፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሼከሩ በደቂቃ 250 ዙር ይሁን። ሜታኖል ከመጀመርዎ በፊት ህዋሱን በሴንትሪፊዩጅ አውርደው ግሊሰሮሉን ያስወግዱ፤ ጥቂት እንኳ ከቀረ በሜታኖል የሚበራውን ፕሮሞተር (የጂኑን ማብሪያ) ይዘጋዋል። ከዚያ ሙቀቱን ወደ 22 ዲግሪ ያውርዱ፦ ውሃው ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፣ ፕሮቲኑ ቀስ ብሎ ይታጠፋል፣ ቆራጭ ኢንዛይሞቹም ይዳከማሉ። ሜታኖሉን በየ12 ሰዓቱ፣ ለ250 ሚሊ ሊትር 1.25 ሚሊ ሊትር። በየ12 ሰዓቱ ናሙና ወስደው ድምቀቱ ጫፍ ሲደርስ ይሰብስቡ። 48 ሰዓት ሕግ አይደለም።

ጠባሴ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሚዲያዬም (የእርሾው ምግብ) አንዳንዴ ባክቴሪያ ይይዛል፣ አውቶክላቩ (በእንፋሎት ማምከኛው) ግን 15 ፒኤስአይ ግፊት ያሳያል።

መንዝ፦ ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የእኛ አየር ስስ ስለሆነ 15 ላይ ውስጡ 116 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለመድረስ ወደ 19 ያስፈልጋል። ዕቃው ያን ያህል እንዲችል ካልተሠራ በፍጹም አይጫኑት፤ በ15 ላይ 50 ደቂቃ ያቆዩት። ባዮቲኑን (የሚዲያውን ቫይታሚን) በማጣሪያ ብቻ ያጽዱ።

ጣርማበር፦ ሦስቱን አስፓራጂን በአንዴ መለወጡ ያሳስበኛል። አንዱ ለመታጠፍ የሚያስፈልግ ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ የተለወጡ ሦስት ቅጂዎች ሠርተው ካልተለወጠው ጋር ያወዳድሩ። የሚጎዳውን ሳይነኩ ትተው ስኳሩን በኋላ ኢንዶ ኤች በተባለ ኢንዛይም ይቁረጡ፤ የፒኪያ ስኳር በማኖስ የበለጸገ ስለሆነ ይሠራበታል። ለማወዳደር ሜምብሬኑን ዲዲኤም በተባለ ሳሙና መሰል ማሟሚያ፣ በ1 በመቶ፣ 4 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት ካሟሙ በኋላ በ100,000 ጂ ያሽከርክሩ፤ የላይኛውን ፈሳሽ በመጠን በሚለይ የጄል ማጣሪያ ኮለም አሳልፈው የጂኤፍፒውን ብርሃን ይከታተሉ። አንድ ሹል ጉብታ ካዩ ያ ቅጂ ይቀጥላል። ብርሃኑ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ከወጣ ግን ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ምንም ያህል ህዋሱ ቢያበራ ለክራዮ ኢኤም አይሆንም።