በዳይኖሰር አጥንት ላይ የሚታይ ስብራትና ሕመም ስለ አኗኗራቸው ምን ይነግረናል?

የአዘዞ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ቅሪተ አካል ስንማር አንዲት ተማሪ ዳይኖሰሮች ይታመሙ እንደነበር በምን እንደሚታወቅ ጠየቀችኝ። አጥንቱ ድንጋይ ከሆነ በኋላ፣ ስብራቱ እንስሳው በሕይወት ሳለ የደረሰበት ይሁን ወይስ ከሞተ በኋላ የአፈር ክብደት ያደረሰው፣ እንዴት ይለያል? እንዲህ ያለው ምልክት ስለ አደናቸውና በመንጋ ስለ መኖራቸው የሚያስረዳው ነገር ካለም ከነምሳሌው ብታብራሩልን ለተማሪዎቼ ትልቅ ትምህርት ይሆናል።

ሐኪም ከማራኪ፦
ሰላም መምህር። በአጥንት ሕክምና ላይ ስለምሠራ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ሕያው አጥንት ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይረጋል፤ ቀጥሎ ልም አጥንት ይበቅላል፤ ያም በሳምንታት ውስጥ ወደ ጠንካራ አጥንት እየተለወጠ ስብራቱን ዙሪያውን ይከበዋል። ወጌሻ ካሰረው ክንድ ላይ ከወራት በኋላ በጣት ሲዳሰስ የሚገኘው ጉብታ ይኸው ነው። ከሞት በኋላ የተሰነጠቀ አጥንት ግን ጠርዙ እንደተሰበረ ይቀራል፤ አዲስ አጥንት አይታይበትም። ኢንፌክሽን ደግሞ የራሱ መልክ አለው፦ የአጥንቱ ገጽ ያብጣል፣ ይሻክራል፣ አንዳንዴም መግል ወደ ውጭ የፈሰሰበት ቀዳዳ ይቀራል። ሲቲ ስካን (የአካልን ውስጥ በኤክስሬይ የሚያሳይ ምርመራ) ሲነሣ ድንጋይ በሆነው አጥንት ውስጥ እንኳ አሮጌው ስብራት የት ላይ እንደነበረ መለየት ይቻላል።

ስለዚህ የጠገነ ስብራት ከሁሉ በላይ የሚመሰክረው እንስሳው ከተጎዳ በኋላ ለሳምንታት ወይም ለወራት መኖሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በደቡብ ዳኮታ የተገኘውንና ዛሬ በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ያለውን፣ «ሱ» የሚባለውን ታይራኖሶረስ ሬክስ፣ ማለትም ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ እንመልከት። ይህ እንስሳ ሲሞት ዕድሜው ወደ 28 ዓመት ገደማ ነበር። ተሰብረው የጠገኑ የጎድን አጥንቶች አሉት፤ ከግራ ቅልጥሙ አጥንቶች ቀጭኑም በኢንፌክሽን ምክንያት ከቀኙ እጅግ ወፍሯል። በእጁ አጥንት ላይ ደግሞ በሰው ላይ የምናውቀውን ሪህ የሚመስል ጉድጓድ ተገኝቷል። በታችኛው መንጋጋው ላይ ያሉትን ክብ ቀዳዳዎች በተመለከተ ግን ተመራማሪዎች አልተስማሙም፤ ዛሬ ወፎችን በሚያጠቃ ጥገኛ ተሕዋስ የመጡ ናቸው የሚለው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢቀርብም፣ ለእኔ ገና ያልተዘጋ ጉዳይ ነው።

በዋዮሚንግ እ.ኤ.አ. በ1991 የተገኘው «ቢግ አል» የተሰኘው አሎሶረስ፣ ይህም ሌላ ሥጋ በል ዳይኖሰር ነው፣ ከዚህ ይልቅ ያሳዝነኛል። ዕድገቱን ሳይጨርስ የሞተ ሲሆን፣ 19 አጥንቶቹ ላይ የጉዳት ወይም የሕመም ምልክት ታይቷል። የቀኝ እግሩ መካከለኛ ጣት አጥንት በኢንፌክሽን አብጦ ቅርፁን ለውጧል። ሮጦ የሚያድን እንስሳ በእንዲህ ያለ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር ምን ይሰማው እንደነበር፣ እግራቸው የመረቀዘ ታካሚዎችን ያየ ሰው ይገባዋል።

የሥነ ምድር ተማሪ፦
ሐኪሙ ባሉት ላይ ስለ አደን ልጨምር። ታይራኖሶረስ ጥንብ ብቻ ይበላ ነበር ወይስ ያድን ነበር የሚለው ክርክር ረጅም ጊዜ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ዳክዬ አፍ ከሚባሉት ዕፅ በል ዳይኖሰሮች የአንዱን ሁለት የጅራት አጥንቶች አቅርቧል፤ በመካከላቸው የታይራኖሶረስ ጥርስ ተሰክቶ፣ በጥርሱ ዙሪያ አዲስ አጥንት በቅሎ፣ ሁለቱም አጥንቶች ተጣብቀው ተገኝተዋል። ጥንብ ቢነከስ ቁስሉ አይጠግንም፤ ስለዚህ ተነካሹ በሕይወት ነበር፣ አምልጦም ኖሯል ማለት ነው።

ተማሪዎችዎ እዚሁ ጎንደር ዙሪያ እንዲህ ያለ አጥንት ይገኝ እንደሆነ መጠየቃቸው ስለማይቀር፦ የከተማችንና የስሜን ተራሮች ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ባዛልት ነው፤ ዳይኖሰሮች ግን ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጠፍተዋል። ከዚያ የሚያረጀው ደለል ድንጋይ የሚታየው እንደ ዓባይ ሸለቆ ባሉ ጥልቅ ቦታዎች ሲሆን፣ በሙገር አካባቢ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል።

የአዘዞ መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር፦ የታመመ እንስሳ ይህን ያህል ጊዜ ከኖረ፣ ሌሎቹ ይረዱት ነበር ማለት ይቻላል?

ሐኪም ከማራኪ፦
መምህር፣ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል። በካናዳ አልበርታ እ.ኤ.አ. በ1989 የተገኘ የሴንትሮሶረስ (ቀንድ ያለው ዕፅ በል ዳይኖሰር) የቅልጥም አጥንት ለዓመታት የጠገነ ስብራት ተደርጎ ሲታይ ኖሮ፣ የሕክምና ባለሙያዎችና የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች በሲቲ ስካንና በማይክሮስኮፕ አብረው ሲመረምሩት ኦስቲዮሳርኮማ የተባለው የአጥንት ካንሰር መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ሆነ። ያን ያህል የገፋ ካንሰር እንስሳውን አሽመድምዶት እንደነበር አያጠራጥርም። ሆኖም አጥንቱ የተገኘው ብዙ ሴንትሮሶረሶች አንድ ላይ ካለቁበት ስፍራ በመሆኑ፣ ተመራማሪዎቹ በሽታው ሳይገድለው ከመንጋው ጋር ጎርፍ ወስዶታል ብለው ይገምታሉ። መንጋው መካከል መሆኑ ከአዳኝ ጠብቆት ሊሆን ይችላል፤ መግበውታል ወይም ጠብቀውታል ለማለት ግን አጥንቱ አይበቃም።

ለክፍልዎ የሚሆን ሌላም አለ፦ በሞንታና የተገኘ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ፣ «ዶሊ» የተባለ አንገተ ረጅም ዳይኖሰር። እንደ ዛሬዎቹ ወፎች ሁሉ የመተንፈሻው አየር ከረጢቶች ወደ አንገት አጥንቶቹ ይገቡ ነበር፤ ከረጢቶቹ በሚገቡበት ቦታ ላይ ብቻ ያልተለመደ የአጥንት እብጠት መታየቱ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን እንደነበረበት አመልክቷል። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ዶሮዎችን በሚያጠቃው ዓይነት ሻጋታ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተጠቁሟል። ተማሪዎችዎ በዓይናቸው እንዲያዩት ከፈለጉ ደግሞ፣ ሥጋ ቤት የጠገነ ስብራት ያለበት የበሬ ጎድን ሲገኝ እንዲያስቀሩልዎ ይጠይቁና በመጋዝ ቁመቱን ሰንጥቀው ያሳዩአቸው፤ የአዲሱና የአሮጌው አጥንት ልዩነት ያለ ማይክሮስኮፕ ይታያል።