«ሚናክሺ ትነግሣለች» ማለት ስሕተት ነው? ስለ «ንግሥ» ትርጉም

ባሕር ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምማረው በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት ነው። ስለ ማዱራይ ከተማና ቺቲራይ በሚባለው የታሚሎች ወር ስለሚከበረው በዓሏ የጻፍሁትን አንድ መጽሔት ሊያወጣልኝ ተቀብሏል፤ አርታኢው ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቀይ ብዕሩን አሳረፈበት። እንዲህ ይላል፦

«በበዓሉ ስምንተኛ ቀን ሚናክሺ ትነግሣለች፤ ከንግሡም በኋላ በብር ዙፋን ተቀምጣ በአራቱ የማሲ ጎዳናዎች ትዞራለች።»

«ትነግሣለች» ተሰርዞ «ዘውድ ትደፋለች» ሆነ፤ «ንግሡ» ደግሞ «ሥነ ሥርዓቱ» ተባለ። «ንግሥ ያልህ እንደሆነ አንባቢው ታቦት የወጣ ይመስለዋል» ነው ምክንያቱ።

ነገሩን ላላየ ሰው ላስረዳ። ሚናክሺ የማዱራይ እመቤት፣ የሂንዱዎች አምላክ ናት፤ በትውፊቱ የፓንዲያ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ልጅ ሆና አባቷን ተክታ አገር የገዛች። በስምንተኛው ቀን ካህናቱ በምስሏ ራስ ላይ የዕንቍ ፈርጥ ያለበት ዘውድ ይጭናሉ፤ በአንገቷ የፓንዲያዎች ምልክት የሆነውን የኒም አበባ ጉንጉን ያጠልቃሉ፤ በትረ መንግሥትም ያስጨብጧታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ወር ከተማዋ በእርሷ አገዛዝ ሥር ናት። በአቫኒ ወር፣ ወደ ነሐሴ ገደማ፣ ባሏ ሱንዳሬስዋራር፣ ማለትም ሺቫ የተባለው አምላክ፣ በተራው ዘውድ ጭኖ የቀሩትን ስምንት ወራት ይገዛል። ዘውዱ የነገሩ መጀመሪያ እንጂ ሁለንተናው አይደለም። «ዘውድ ትደፋለች» ይህን ሁሉ ይሸከማል? የምታውቁ አንድ በሉኝ።

የዋሸራ ልጅ፦
አይሸከምም። ዘውድ መድፋት የራስ ነገር ነው፤ መንገሥ የአገር ነገር ነው። ግእዙ «ነግሠ» ሲል መንግሥት ያዘ፣ ገዛ ማለቱ ነው። ዳዊት «እግዚአብሔር ነግሠ» ሲል ዘውድ ጫነ ማለቱ ነው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በታሪካችንም ሁለቱ ተለያይተው ታይተዋል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም ሲያርፉ ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ፤ ዘውዱን የጫኑት ግን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት አገሪቱ ንጉሥ አልነበራትም እንበል? አርታኢው ይመልስልን።

ነጭ ወረቀት፦
ወንድሜ፣ ያመጣኸው ማስረጃ ወደ ራስህ ዞሮ ይመታሃል። ጥቅምት 23ን ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራው? «በዓለ ንግሥ» ብሎ። ዘውድ የተጫነበት ቀን ራሱ ንግሥ ከተባለ በግሡና በስሙ መካከል ልዩነት አለ ማለት ነው። «ነገሠ» መግዛትን ሲያሳይ «ንግሥ» ዕለቱን፣ ሥርዓቱን ያሳያል። በእኔ አስተያየት የጠያቂው ዐረፍተ ነገር በሁለቱም በኩል ደኅና ነው፤ አርታኢው ሊነካው አይገባም ነበር።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ግሡን ተዉት። ግሥ ለማንም ነው፤ መጽሐፈ ነገሥት አክዓብንም «ነገሠ» ይለዋል። ስሙ ግን ሌላ ነው። ዛሬ በማንኛውም ከተማ ታክሲ ውስጥ «ዛሬ ንግሥ አለ» ብትሉ ሾፌሩ የሚጠይቃችሁ «የማን ነው? የሚካኤል ነው ወይስ የማርያም?» ብሎ ነው። ዘውድ አይታሰበውም። ቃሉ ከታቦት ጋር ከተጋባ ቆይቷል። ለሂንዱ በዓል ስትሰጠው አንባቢው ዐይኑ ፊት ዣንጥላና ጽናጽል ይመጣበታል። አርታኢውን የማመሰግነው ሃይማኖት ስለ ጠበቀ አይደለም፤ ሥዕሉን ስለ ጠበቀ ነው።

ከበአታ ደጅ፦
ልጆች፣ ይህ የቅኔ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ የአቋቋም ቤት ጉዳይ ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ በዚህ ላይ ዳኛ አይሆኑም። በማኅሌት ላይ «ነግሥ» የሚባል አለ፤ ዚቅ ከሚባለው ዜማ በፊት የሚባለው ማለቴ ነው። ስሙን ያገኘው «እግዚአብሔር ነግሠ» ከሚለው ድርሰት ነው፤ ድርሰቱም የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆኑ ይነገራል። የቅዱሱ ዕለት ሲመጣ የዕለቱ ነግሥ ይቆማል። ሕዝቡ ሌሊቱን ሙሉ «ነግሥ፣ ነግሥ» ሲባል እየሰማ በዓሉን ራሱን «ንግሥ» አለው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ከዜማ የወጣ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ንግሥ ከዙፋን የወጣ ነው። ሁለት ቃላት ናቸው። አንድ መልክ ስላላቸው አንድ አይሆኑም።

የዋሸራ ልጅ፦
የኔታ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ድርሰቱ ራሱ «ነግሠ» ብሎ ከጀመረ ሥሩ አንድ ነው። ወንዙ በሁለት ቦይ ቢወርድ ምንጩ ሁለት ነው አንልም።

ከበአታ ደጅ፦
ስለ ምንጩ አልተከራከርሁም። ሰው የሚጠጣው ከቦዩ ነው።

ንጋት፦
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስባለሁ። «ነግህ» ማለት ጧት ነው። የበዓሉ ማኅሌት ሌሊት ተጀምሮ ሲነጋ ይፈጸማል፤ ታቦቱም ከነጋ በኋላ ይወጣል። «ንግሥ»ና «ነግህ» ከአንድ ቤት የወጡ ቢሆኑስ?

የዋሸራ ልጅ፦
አይሆኑም። ሠ እና ህ እንዲህ በቀላሉ አይወራረሱም። በድምፅ መቀራረብ ብቻ ዘመድ የምንፈልግ ከሆነ «ነገደ»ም «ነገረ»ም ወንድማማች ሊሆኑ ነው።

ከመቐለ፦
«ነገደ»ን ካነሣችሁት አይቀር፣ በእኛ በትግርኛ የቅዱሱ ዓመታዊ በዓል «ንግደት» ነው የሚባለው። ዘውድም ዙፋንም የለበትም፤ ሕዝቡ ተጕዞ መምጣቱን ነው የሚናገረው። ወደ ጠያቂያችን ከተማም ሰው ከየገጠሩ እየጐረፈ የሚመጣ ይመስለኛል። አርታኢው ታቦት እንዳይታሰብ ከፈራ ለምን ንግደትን አይወስድም?

ሰንበቴ፦
ከመቐለ፣ እኅቴ ትሁኚ ወንድሜ አላውቅም፤ ቃሉ ውብ ነው። የአማርኛ አንባቢ ግን ነጋዴ ያስብበታል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ሁላችሁም «ነገሠ» ላይ ቆማችሁ «አነገሠ»ን ረሳችሁት። ሰው «ገብርኤልን ላነግሥ ቁልቢ እሄዳለሁ» ይላል እንጂ «ገብርኤል ሊነግሥ ነው» ብሎ ጉዞ አይነሣም። የሚያነግሠው ሕዝቡ ነው። ያ ማለት ንግሥ ሲባል የሚነግሠውን ብቻ ሳይሆን የሚያነግሡትንም ይዞ ነው የሚመጣው። ባሕር ማዶን ልጠይቅ፦ እዚያ አገር ዘውዱ በካህናቱ እጅ ብቻ ያልቃል ወይስ ሕዝቡም ድርሻ አለው? ድርሻ ካለው «ሚናክሺን ያነግሧታል» በል። እንደ ዘውድም እንደ በዓልም ያስኬድሃል።

ባሕር ማዶ፦
ዘውዱን የሚጭኑት ካህናቱ ናቸው፤ ግን ነገሩ በእነርሱ እጅ አያልቅም። በዘጠነኛው ቀን ሚናክሺ ዓለምን ልታስገብር ትዘምታለች፤ በትውፊቱ ሁሉን ድል አድርጋ ሺቫ ፊት ስትደርስ ብቻ ነው የተሸነፈችው። በዐሥረኛው ቀን ሠርጓ ይሆናል። ልጇ ሙሩጋን ቲሩፓራንኩንድራም ካለው መቅደሱ ተነሥቶ ለወላጆቹ ሠርግ ይመጣል። የጋብቻው ክር በአንገቷ በሚታሰርበት ሰዓት በሕዝቡ መካከል የቆሙት ባለ ትዳር ሴቶች የራሳቸውን የጋብቻ ክር በአዲስ ይለውጣሉ። አጠገቤ አንዲት እናት አሮጌውን ክር በጥርሷ ይዛ አዲሱን በሁለት እጅዋ ስትቋጥር አየሁ፤ ከኋላዋ ምራቷ ጃዝሚን አበባ በጸጉሯ ላይ ትሰካላት ነበር። አበባው የሚሸጠው ተጐንጕኖ በክንድ ነው። ሻጯ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ለክታ ትቈርጣለች፤ ረጅም እጅ ያላት ሻጭ ደንበኛ አታጣም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁለት የእንጨት ሠረገላዎች፣ ትልቁ የሱንዳሬስዋራር፣ ሌላው የሚናክሺ፣ እንደ ሰው ጭን በወፈረ ገመድ እየተጐተቱ በማሲ ጎዳናዎች ይዞራሉ። የጎዳናው ማእዘን ላይ ሲደርሱ ሠረገላው መሪ ስለሌለው ሰዎች ከመንኰራኵሩ ሥር ሽብልቅ እየወረወሩ ነው የሚያዞሩት። ጐታቹ ሕዝቡ ነው። ስለዚህ «ያነግሧታል» ከእውነቱ አይርቅም።

ነጭ ወረቀት፦
አንድ ነገር አልገባኝም። ማሲ የታሚሎች ወር ስም ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ በዓሉ ግን በቺቲራይ ወር ከሆነ፣ በማሲ ጎዳና ለምን ይዞራሉ?

ባሕር ማዶ፦
ጥሩ አየህ። በማዱራይ ጎዳናዎች ቤተ መቅደሱን በአራት ማእዘን ይከብቡታል፤ አንዱ ከሌላው እየሰፋ ይሄዳል። አዲ የሚባለው በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ ቺቲራይ፣ ከዚያ አቫኒ ሙላ፣ ከዚያ ማሲ፣ ከሁሉ በውጭ ያለው ቬሊ፣ ትርጉሙም «ውጭ» ማለት ነው። ከመጨረሻው በስተቀር የወር ስሞች ናቸው፤ የወሩ በዓል ሲመጣ አማልክቱ የሚዞሩበት መንገድ ስለሆነ። የሚናክሺ ሠርግ ድሮ በማሲ ወር፣ በየካቲት አካባቢ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዛው ቲሩማላይ ናያክ ወደ ቺቲራይ አምጥቶ ከአላጋር በዓል ጋር አጋጠመው። ወሩ ተለወጠ፤ ሠረገላው ግን የለመደውን ጎዳና አልለቀቀም።

የዋሸራ ልጅ፦
ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልሁም። «ዐውደ ዓመት» የምንለው ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ዖደ ዞረ ነው፤ ዐውድ ዙሪያ ነው፤ በሬ የሚዞርበት ዐውድማ ከዚያ ነው፤ የታቦት ዑደት ከዚያ ነው። እኛ ዓመቱን ዙሪያ አልነው፤ እነርሱ ዙሪያውን በወር ስም ጠሩት። ባሕር ማዶ፣ «ትዞራለች» ያልኸውን «ታዑዳለች» በለው! «ዑደት ታደርጋለች» ቢሆንም ያምራል።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ንግሥ በዛ ስንል ዑደት ጨመርህበት! ከዚያ ወዲያ መቅደስና ቅኔ ማኅሌት ብቻ ነው የቀረው። «ትዞራለች» ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ማንንም አያሳስትም፤ ተዉት።

ሰንበቴ፦
አላጋር ማን ነው? አለፍኸው።

ባሕር ማዶ፦
ቪሽኑ የተባለው አምላክ ነው፤ የሚናክሺ ወንድም ተደርጎ ይታያል። መኖሪያው ከከተማው ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሚርቀው አላጋር ኮይል ነው። በወርቅ ፈረስ ተቀምጦ ለእኅቱ ሠርግ ይመጣል፤ ቫይጋይ ወንዝ ሲደርስ ሠርጉ ማለቁን ይሰማል። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማዋ አይዘልቅም፤ ከወንዙ ይመለሳል። በሙሉ ጨረቃ ቀን ወደ ወንዙ ሲወርድ የሚለብሰው ሐር ቀለሙ ምን እንደሆነ ሕዝቡ በጉጉት ይጠብቃል። አረንጓዴ ከሆነ የመጪው ዓመት እህል ያማረ ይሆናል ይላሉ። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ለዚህ ቀን ሲባል ከላይ ከግድቡ ውኃ ይለቀቃል።

እዚህም ላይ አርታኢው «ወረደ» ያልሁትን «ገባ» ብሎታል። በታሚልኛው ግን ግሡ በትክክል መውረድ ነው።

ከበአታ ደጅ፦
«ወረደ»ን አትለውጠው። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል የምንለው ቃሉ የታቦት ስለሆነ አይደለም፤ ውኃ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚተኛ ነው። ወደ ውኃ የሚሄድ ሁሉ ይወርዳል፤ እንስራ የተሸከመችም፣ ከብት የሚያጠጣም። «ገባ» ካልህ ሰምጦ የቀረ ይመስላል።

ዲያቆን ዘአራዳ፦
በዚህ እስማማለሁ። መውረድ የሁሉ ነው። ንግሥ ግን አሁንም የሁሉ አይደለም።

ነጭ ወረቀት፦
ዲያቆን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ ሰው «ንግሥ» ሲባል መጀመሪያ የሚያስበው ንጉሡን ይሁን ታቦቱን ማን አረጋገጠልህ? ዛሬ ንጉሥ ስለሌለን ቃሉ በአንድ እግሩ ቀረ። ጠያቂያችን የጠፋውን እግር የሚመልስ ዐረፍተ ነገር ነው የጻፈው። ዘውድ፣ በትር፣ ዙፋን፣ የግዛት ዘመን፣ ሁሉም እዚያ አለ። ቃሉን እዚህ ካልተጠቀምንበት የት ልንጠቀምበት ነው?

ዲያቆን ዘአራዳ፦
ታሪክ ስትጽፍ። መጽሔት አንባቢ ግን መዝገበ ቃላት ይዞ አይቀመጥም።

ሰንበቴ፦
አንባቢን አትናቁት። ከ«ትነግሣለች» ቀጥሎ «ዘውድ»ና «በትረ መንግሥት» የሚሉትን ቃላት ካየ የትኛው ንግሥ እንደሆነ ይለያል። ባሕር ማዶ፣ አርታኢህን አንድ መስመር ጨምርልኝ በለው፤ ቃል ከመቀነስ መስመር መጨመር ይሻላል።

የዋሸራ ልጅ፦
ሌላ አንድ ነገር፤ ጽሑፉ ሳይታተም ይታረም። «ሠረገላ» ብለህ በንጉሡ ሠ ጽፈሃል። በግእዝ በእሳቱ ሰ ነው፤ «ሰረገላ»።

ከበአታ ደጅ፦
በአማርኛ ሁለቱም ተለምዷል፤ ልጁን አታስጨንቀው።

የዋሸራ ልጅ፦
የኔታ፣ የተለመደ ሁሉ ትክክል ከሆነ እስካሁን ስለ ንግሥ ምን ስንከራከር ቆየን? ዳዊቱን ይግለጡ፤ የእግዚአብሔር ሰረገላ በእሳቱ ሰ ነው የተጻፈው።

ከበአታ ደጅ፦
የትኛው ዳዊት? የብራና ጸሐፊው በአንዱ ገጽ እንዲህ፣ በሌላው ገጽ እንዲያ ሲጽፍ ያላየ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚደፍር። ነገ ሁለት ገጽ አምጥቼ አሳይሃለሁ።