ሰዉ የት ነው ያለው? ለተበታተኑ ግሩፖች የሚሆኑ ጥቂት ጥቆማዎች

ሰሞኑን ይቺ ጥያቄ በተደጋጋሚ ደርሳኛለች፦ «ያልተማከለ ማኅበራዊ ሚዲያ ገባሁ፤ ግን ሰዉ የት ነው?» ያልተማከለ ማለት አንድ ድርጅት ብቻውን የማይቆጣጠረው፣ የተለያዩ ሰዎች የሚያስተዳድሯቸው ብዙ ሰርቨሮች (የየራሳቸው አባላት ያሏቸው ድረ ገጾች) እርስ በርስ የሚገናኙበት ማለት ነው። ሰዉማ አለ። ችግሩ ስለ ሥዕል የሚያወራ አንድ ግሩፕ ስትፈልጉ አምስት ማግኘታችሁ ነው። በአምስቱም ውስጥ ሦስት አራት ሰው ተቀምጦ ሌላውን ይጠብቃል። አብዛኞቹን ስለሞከርኳቸው የታዘብኩትን ልበላችሁ።

ብዙ ሰው የሚጀምረው እንደ ሬዲት በየርዕሱ ግሩፕ ከሚከፈትበት ከለሚ (Lemmy) ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ ሬዲት በውጭ አፖች ላይ የኤፒአይ (አፖቹ የሬዲትን መረጃ የሚያገኙበት መንገድ) ክፍያ ሲጥል ብዙ ተጠቃሚ ወደዚያ ጎረፈ። በለሚ ማንኛውም ሰርቨር በፈለገው ስም ግሩፕ መክፈት ይችላል፤ ስለዚህ ያው ስም በየሰርቨሩ ተደገመ። አንድ ሊንክ በሁለት ግሩፕ ሲለጠፍ ለሚ ሌላኛውን ከሥሩ ይጠቁማችኋል። ኮሜንቱ ግን ለየብቻው ይቀራል። ግሩፕ ከመክፈታችሁ በፊት ለሚቨርስ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ በየሰርቨሩ ያሉትን ግሩፖች ከነአባል ብዛታቸው ያሳያል።

የኔ ምርጫ ለሚን የሚመስለው ፓይፌድ (PieFed) ነው። ከለሚ ጋር ስለሚነጋገር የለሚን ሰዎች አታጡም። ያው ሊንክ በተለያዩ ግሩፖች ከተለጠፈ የሁሉንም ኮሜንት አንድ ገጽ ላይ ሰብስቦ ያስነብባችኋል። እኔ ለሁለት ዓመት ስመኘው የነበረው ይህንኑ ነው! በዚያ ላይ አምስቱን የሥዕል ግሩፖች በአንድ «ፊድ» አስራችሁ ለሌላው ማጋራት ትችላላችሁ። አዲስ ገቢው አንዴ ይመዘገባል፣ አለቀ። ጉድለቱ የሚደግፉት የስልክ አፖች ከለሚ ማነሳቸው ነው።

ሌላው የዚሁ ዓይነት መድረክ ምቢን (Mbin) ደግሞ ሃሽታግን ከግሩፕ ጋር ያገናኛል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ገጹ ግን ለኔ ትንሽ ተጨናነቀብኝ።

ትዊተርን የሚመስለው ማስቶዶን የራሱ ግሩፕ የለውም፣ ሰውን የሚያሰባስበው ሃሽታግ ነው። ከ2022ቱ 4.0 እትም ጀምሮ ሃሽታግን እንደ ሰው መከተል ይቻላል። ግን ልብ በሉ፦ የምታዩት ወደ ሰርቨራችሁ የደረሰውን ፖስት ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት ሰርቨር ትንሽዬ ነበር። የምከተለው ሃሽታግ ለሳምንታት ጭር ሲልብኝ ሰዉ መሳል የተወ መስሎኝ ነበር። ሰርቨር ስትመርጡ መካከለኛ ይሁን፣ አለዚያም አድሚኑ ሪሌይ (ከሌሎች ሰርቨሮች ፖስት የሚያስተላልፍ አገልግሎት) መጠቀሙን ጠይቁ። በአማርኛ ሃሽታግ የምትጽፉ ደግሞ አንዱን አጻጻፍ ይዛችሁ ተስማሙ። ለእኛ «ሥዕል» እና «ስዕል» አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ሃሽታጎች ናቸው። ገና ከመነሻው በፊደል ተከፋፈልን ማለት ነው።

ጓደኞቻችሁ ብሉስካይ ላይ ከሆኑ ብሪጂ ፌድን ሞክሩ። ብሉስካይ ሌላ ፕሮቶኮል (ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ስለሚጠቀም ከማስቶዶን ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ይህ ድልድይ ያገናኛቸዋል። የድልድዩን አካውንት መከተል ብቻ በቂ ነው። ችግሩ የድልድዩን አካውንት ያልተከተለ ሰው የሚሰጠው መልስ ወዲያ ማዶ አይሻገርም። ስለዚህ ግማሽ ጨዋታ የምትሰሙበት ጊዜ ይኖራል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁሉም መከፋፈል በሽታ አይደለም። በ2023 ቢሃው የተባለው የለሚ ሰርቨር ለሚ ዎርልድ ከተባለው ትልቅ ሰርቨር ጋር ግንኙነቱን ሲያቋርጥ ብዙ ሰው ተናዶ ነበር። የቢሃው አድሚኖች ግን የሚጎርፈውን ሰው ባላቸው አቅም መቆጣጠር አልቻሉም ነበር። እኔም ከኛ ግሩፕ ጋር በርዕስ መንታ ለሆነ ሌላ ግሩፕ አድሚን «እንዋሃድ» ብዬ ጽፌ፣ «የኛ ጀማሪዎች እናንተ ጋ ሲመጡ ይሸማቀቃሉ» የሚል መልስ አገኘሁ። እውነቱን ነው። እነሱን ተውናቸውና ባዶ ከሆነው ሦስተኛው ጋር ተዋሃድን።

እናንተም ለመዋሃድ ከወሰናችሁ የድሮውን ግሩፕ አትሰርዙት። አባላት በራሳቸው ወደ አዲሱ አይዛወሩም። ለሚ ላይ የግሩፑ አስተዳዳሪዎች ብቻ እንዲለጥፉበት አድርጋችሁ ቆልፉት፤ አዲሱን አድራሻ ከላይ ሰክታችሁ ተዉት። የኛ ከተቆለፈ ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን በዚያ በኩል ሰው ይመጣል።