የዋንዛው ሰነድ፦ ረቂቅ 3፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ የመሣሪያ ሠሪዎች ማኅበራችን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ረቂቅ ተያይዟል። የምንጠይቀው 180,000 ብር ነው። አንደኛ መሣሪያ የምንሠራበት ዛፍ፣ የዋንዛ፣ 400 ችግኝ፣ ሁለተኛ ከወጥ ግንድ ሳይሆን በጣውላ ለሚገጠም ከበሮ ሥልጠና፣ ሦስተኛ ከተተከለ ወይም ከተራረፈ እንጨት ለተሠራ መሣሪያ የሚመታ ማኅተም። በአንድ ቀን ዘግይተን ምን እንዳጣን ታውቃላችሁ፤ ዓርብ መግባት አለበት።

ከበሮ ሠሪ፦ ሁለተኛው ላይ ቁጥር ይግባበት። ቁመቱ 75፣ ሰፊው አፍ 45፣ ጠባቡ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ ከወጥ ግንድ ሲፈለፈል 119 ሊትር ያህል እንጨት ይፈልጋል፤ አብዛኛው ፍቅፋቂ ሆኖ ምድጃ ይገባል። በ16 ጣውላ ቢገጠም፣ ውፍረት 2.5፣ ወርድ ከሰፊው በኩል 9 ከጠባቡ 5፣ የሚበቃው 21 ሊትር ነው። የመጋዝ ብናኝና ቁርጥራጭ ተጨምሮም ከሲሶ አይበልጥም። የየጣውላው ጠርዝ 11 ዲግሪ ከሩብ ጋድሎ ይላጋል። ነጩን ተራ ኮላ እንዳትጠቀሙ፤ ቆዳው የሚወጠረው ርጥብ ሆኖ ስለሆነ ኮላው ይለሰልስና መጋጠሚያው ይከፈታል። ውኃ የማይፈታው ይገዛ።

በገና ሠሪ፦ ማኅተሙ ላይ ያለው በገና 8 አውታር ነው። ቁጠሩት።

ጸሐፊ፦ ሥዕል ነው፣ ይስተካከላል። ሰነዱ ላይ እናተኩር።

በገና ሠሪ፦ “ሥዕል ነው” አይባልም። ዳዊት ዐሥር አውታር ነው የሚለው። 8 አውታር ያለው በገና የታተመበት ዕቃ እኔ አልሸጥም፣ መዋጮዬንም አልከፍልም።

ሥዕሉን የሠራሁት፦ ማኅተሙ 3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለአውታሮቹ የቀረው ቦታ 8 ሚሊ ሜትር። በጋለ ብረት እንጨት ላይ ሲተኮስ ዙሪያው ስለሚጠቁር 10 መስመር ተያይዞ አንድ ጠባሳ ይሆናል። 8ቱም በግድ ነው የገቡት።

ክራር ሠሪ፦ መጀመሪያስ ለምን በገና? መዋጮ የሚከፍለው አብዛኛው ክራርና ማሲንቆ ሠሪ ነው።

ማሲንቆ ሠሪ፦ ማሲንቆ ይሁን። አንድ ጭራ ነው፣ በጥራት ይታተማል።

በገና ሠሪ፦ የጸሎት መሣሪያ ተነሥቶ የመሸታ ቤት መሣሪያ ሊተካ ነው?

ማሲንቆ ሠሪ፦ ቃልህን አንሣ። የአዝማሪ ልጅ ነኝ፤ ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት፣ ከማኅበሬ ግን አልሰማም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ማክሰኞ ሆነ፣ ስለ ችግኙ አንድ ሰው አልጻፈም።

በገና ሠሪ፦ ቃሌን አንሥቻለሁ። ወንድሜን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አውታሩ ግን 10 ነው።

ክራር ሠሪ፦ ችግኙን የያዘው ማን ነው? እንጦጦ ላይ እንተክላለን ይላል እኮ። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዋንዛ እዚያ ብርድ ይመታዋል። ወደ ቆላው፣ ከ2,500 ሜትር በታች እንውረድ። ለዚህ ሐምሌ ከታሰበ ደግሞ ፍሬው ሙጫማ ሥጋው ታጥቦ በጥር የችግኝ ማፍያ ላስቲክ ቱቦ ውስጥ መግባት ነበረበት። ገብቷል?

ጸሐፊ፦ “እኔ እይዘዋለሁ” ያለው ልጅ ስልኩ አይነሣም። ሌላ ፈቃደኛ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦ መሬቱስ? በ4 በ4 ሜትር 400 ችግኝ 6,400 ካሬ ነው። ማን ይሰጠናል?

ከበሮ ሠሪ፦ መሬት ከሌለ በፀሐይ ሙቀት የሚሠራ የእንጨት ማድረቂያ እንሥራ። ዋናው ብክነት እዚያ ነው። ርጥብ ዋንዛ እንገዛለን፣ በሳምንቱ እንጠርባለን፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ እንጥላለን፣ ሌላ ዛፍ ይቆረጣል። እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ከልቡ ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሆነ ልቡን የያዘ ወጥ ግንድ መሰንጠቁ አይቀርም። ጣውላው ከግንዱ በመጋዝ እንደወጣ ጫፉ በቀለም ወይም በሰም ይደፈን፤ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በየደርቡ 2 ሳንቲ ሜትር መለያ ዱላ ገብቶ ይደርደር። የማድረቂያው ላዩ ላስቲክ፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮና አንድ ማራገቢያ። ርጥበቱ 12 በመቶ ሳይደርስ ማንም መሮ አያንሣ፤ መለኪያውን ማኅበሩ ይግዛ።

ማሲንቆ ሠሪ፦ ይህን እደግፋለሁ። የማሲንቆ ገበቴም በዚሁ ነው የሚበላሸው።

ሥዕሉን የሠራሁት፦ ማኅተሙን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ባሳድገው 10 አውታር ይገባል። ግን ክራር አንገት ላይ አይቀመጥም።

ክራር ሠሪ፦ ስለዚህ ክራር ማኅተም አይኖረውም ማለት ነው?

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4። ማድረቂያ 95,000፣ የከበሮ ሥልጠና 40,000፣ ማኅተም በሁለት መጠን፣ ትልቁ በበገና ትንሹ በማሲንቆ፣ 15,000፣ ለምረቃው ትንሽ ዐውደ ርዕይ 20,000። ችግኙ ወደ 50 ወርዷል፣ በ10,000፤ ቦታው “ወደፊት ይወሰናል”። ርዕሱም “የእንጨት ማድረቂያና ዐውደ ርዕይ” ሆኗል።

ከበሮ ሠሪ፦ የዐውደ ርዕዩ 20,000 ከየት መጣ? ማን ጠየቀ? እሱ ወደ ችግኙ ይመለስ። በ1986ቱ የደን አዋጅ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የተከለከለው እያለቀ ስለነበር ነው። ካልተከልን ልጆቻችን በምን ይሠራሉ?

ገንዘብ ያዥ፦ ገንዘቡ ወደ ችግኙ እንዲመለስ መሬት ያለው ሰው እስከ ነገ ማታ በጽሑፍ ያሳውቀኝ። ካልሆነ እንዳለ ይገባል።

ክራር ሠሪ፦ የክራሩን ማኅተም ሳትጨርሱ እንዳታስገቡ።