ሳንበደር እዳችን እንዴት ነው የሚጨምረው?

ባለሱቁ ከኮዬ፦
ሰላም ናቹ ቤተሰብ፣ ኢኮኖሚክስ የተማረ ካለ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ ያስረዳኝ። የሀገሪቱ እዳ ጨመረ ይባላል፣ የ2018 ባጀትም 1.93 ትሪሊዮን ብር ገባ ተባለ፣ 2016 ላይ እኮ 801 ቢሊዮን ነበር። በዛ በኩል ደሞ እዳው ተሰርዞልናል የሚል ሰው ሞልቷል፣ ሱቄ በር ላይ ቁጭ የሚሉ አንድ ጡረተኛ ጋሼ አሉ፣ ፈረንሳይና ቻይና ተስማምተው ምረውናል ብለው ድርቅ ነው የሚሉት። ምረውን ከሆነ ታክሱ ለምን እኔ ላይ ይጨምራል? ለኔ እዳ ማለት የዱቤ ደብተሬ ላይ ያለው ነው፣ ሰው እቃ ካልወሰደ አይጨምርም። ካልተበደርን እንዴት ጨመረ፣ ከተበደርንስ ብሩ የት ገባ? በናታቹ ፖለቲካ አታድርጉት፣ ሂሳቡን ነው የምፈልገው።

አባዶ ልጅ፦
ስለ ባጀት እየጠየቁ ፖለቲካ አታድርጉት ሃሃ። መልካም እድል ብሮ።

የቀድሞ ባንከር፦
ወንድሜ ጥሩ ጠይቀሃል። ጋሼ ፈረንሳይና ቻይና ያሉት ልክ ነው፣ ምህረት ያሉት ላይ ነው ያልተገናኙት። መንግስት 2013 ላይ በጂ20 የጋራ ማዕቀፍ በሚባለው፣ ማለት አበዳሪ መንግስታት የድሃ ሀገርን እዳ አንድ ላይ ሆነው በሚያሸጋሽጉበት በኩል እዳዬን አሸጋሽጉልኝ ብሎ አመለከተ፣ ጦርነቱም መጣ ምኑም መጣ ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ ከአበዳሪ መንግስታት ጋር የመግባቢያ ሰነድ የተፈረመው ሰኔ 2017 ነው። የአበዳሪዎቹን ኮሚቴ አብረው የመሩት ሁለቱ ናቸው። የሚነካው 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን እዳ ነው፣ እሱም እፎይታ ይሰጣል የተባለው ከ3.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ ማለት በነዚህ አመታት መክፈል የነበረብን ወደፊት ተገፋ እንጂ ከነዋናው ተቀደደ ማለት አይደለም። ጠቅላላ የውጭ እዳው ደሞ 30 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ሰው እዳ ሲባል ቻይና ብቻ ነው የሚመጣለት፣ ትልቁ አበዳሪያችን ግን አለም ባንክ ነው፣ እሱ ደሞ እዚ ሽግሽግ ውስጥ የለበትም፣ ቀኑ ሲደርስ ይከፈለዋል።

አሁን ሳንበደር እንዴት ጨመረ ወዳልከው ልምጣ። ዩሮቦንዱን እንይ፣ ማለት መንግስት ለውጭ ባለሃብቶች ቦንድ ሸጦ በዶላር የተበደረውን። 2007 ላይ 1 ቢሊዮን ዶላር ተወሰደ፣ በ10 አመት የሚመለስ፣ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ ስለዚ በየስድስት ወሩ 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈላል። ታህሳስ 2016 ላይ ሳይከፈል ቀርቶ ኢትዮጵያ እዳዋን መክፈል አቃታት ተብሎ በየሚዲያው የተወራው ያቺ 33 ሚሊዮን ናት። ያኔ ባንክ ላይ ዶላር 56 ብር ነበር፣ ምታው፣ 1.85 ቢሊዮን ብር ነው። ሐምሌ 22 2016 ዶላር በገበያ ይወሰን ተባለ፣ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ቀጥሎ ባለው አመት 130 ቤት ገባ። ያንኑ 33 ሚሊዮን በ130 ምታው፣ 4.3 ቢሊዮን ብር። አንድ ዶላር አልተጨመረም፣ ግን ታክስ የሚሰበሰበው በብር ነው እዳው የሚከፈለው በዶላር ነው። ያንተ ደንበኛ ብር ወስዶ ብር ስለሚመልስ ነው ያልገባህ፣ ደብተርህ ላይ በብር ፋንታ 5 ሊትር ዘይት ብለህ ብትጽፍበት እና ዘይት እጥፍ ቢሆን ሰውዬው ምንም ሳይወስድ እዳው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ባጀቱም እንደዛው ነው። 801 ቢሊዮኑን በጊዜው ምንዛሪ በ55 አካፍለው፣ 14 ተኩል ቢሊዮን ዶላር ይመጣል። 1.93 ትሪሊዮኑን ሲጸድቅ በነበረው በ137 አካፍለው፣ ያው 14 ቢሊዮን። መሀል ላይ 2017 ባጀት 971 ቢሊዮን ተብሎ ጸድቆ አመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ተጨማሪ ባጀት የተጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ነዳጅ ድጎማው ማዳበሪያው የውጭ እዳው ሁሉም በዶላር ነው። ስለዚ መንግስት ወጪውን ከእጥፍ በላይ አሳደገ የሚባለው ብሩን ብቻ ካየህ ነው።

እንዶዴ ሹፌር፦
ባንከሩ ሂሳብህ ያምራል ግን እኔ በዶላር አልበላም። ባጀቱን በዶላር አካፍለህ ያው ነው ካልከኝ የኔን ደሞዝ በዶላር አካፍልልኛ፣ ግማሽ አይሆንም? ከኔ የሚሰበሰበው እኮ ነው በዶላር ያው እንዲሆን የተደረገው። ቫቱ መብራትና ውሃ ላይ ሳይቀር ገባ፣ የመብራት ታሪፉም በየሶስት ወሩ ከፍ ይላል፣ ነዳጅ ድጎማውም እየተነሳ ነው። አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድ ይሄ ይሄ ካልሆነ ብሎ ነው፣ እሱም በአራት አመት እየቆነጠረ።

ብሩ የት ገባ ላልከው ባለሱቁ፣ አንዱ በአይናችን የምናየው ነው። የጅቡቲው ባቡር። 750 ኪሎሜትር ምናምን፣ 70 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። መደበኛ ስራ የጀመረው 2010 ላይ ነው፣ እዛው 2010 መጨረሻ ላይ ብድሩ ከ10 አመት ወደ 30 አመት ተራዘመ። አስቡት፣ አመት ሳይሰራ። እኔ ባቡሩን አልጠላም፣ ኮንቴነር ሲያመጣ ስራ ነው ለኛ። ግን ችግሩ እዚ ቆመህ ስታየው ነው የሚገባህ፣ ባቡሩ እንዶዴ ጭነት ጣቢያ ድረስ ያመጣዋል ከዛ ክሬን ተጠብቆ ወረቀት ተጠብቆ መልሰን መኪና ላይ እንጭነዋለን፣ ባለንብረቱ ሁለት ጊዜ ማስጫኛ ማስወረጃ ከፍሎ ስንት ቀን ቆሞ ከሚውል ከጅቡቲ በቀጥታ በተሳቢ ቢያመጣው ይቀለዋል፣ እያመጣም ነው፣ አብዛኛው እቃ ዛሬም በመኪና ነው የሚገባው። እዳው ግን እቃ ጫነም አልጫነም ይቆጥራል። ስለዚ ለኔ ችግሩ መበደሩ አይደለም፣ ሃዲዱ ተበድረው ተሰርቶ ሃዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ያለው ስራ መረሳቱ ነው።

የቀድሞ ባንከር፦
@እንዶዴ ሹፌር ደሞዝ ያልከው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ፣ እውነት ነው፣ በዶላር ያው ነው ማለት አንተ ላይ ያው ነው ማለት አይደለም። ባቡሩም ላይ ከኔ በላይ ታውቃለህ።

ባለሱቁ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሁሉም ስለውጭ እዳ ነው የሚያወራው፣ የሀገር ውስጡን የሚያነሳ የለም። ስኳር ፋብሪካዎቹ፣ መብራት ሃይል፣ ሳይጨረስ የቆመው የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ፣ እነዚ ሁሉ በብዛት የተበደሩት ከንግድ ባንክ ነው፣ አልመለሱም። 2013 ላይ እዳውን የሚሸከም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፣ እሱም መክፈል አልቻለም፣ በመጨረሻ 2017 ላይ መንግስት ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚሆን ቦንድ ለንግድ ባንክ ሰጥቶ እዳውን ወደራሱ ወሰደው። ድሮም የመንግስት ነበር፣ አሁን በይፋ ሆነ። አንተ ያለህበት ኮዬ ኮንዶሚኒየም ራሱ ከንግድ ባንክ በቦንድ በተወሰደ ብር ነው የተገነባው። ባንኩ ብሩን ከየት አመጣው ብለህ ከጠየቅክ ከቆጣቢው።

ሰበታዊት፦
እዚ ላይ እኔን ጠይቁኝ 🙄 መምህር ነኝ፣ ለቤት ብዬ ከደሞዜ እየቆረጥኩ ባንክ ስቆጥብ ኖሬያለሁ። ወለዱ 7 በመቶ፣ 2014 ላይ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የዛሬ ስንት አመት በጀርባው የጻፍኩት የሲሚንቶና የብረት ዋጋ አለ፣ ያኔ በቆጠብኩት ብር ሁለት ክፍል እሰራ ነበር፣ ብሩ ከነወለዱ አለ፣ ዛሬ ጣራ አይመታም። ባንከሩ ሲያወራ ነው የገባኝ፣ እነ ስኳር ፋብሪካ ያልከፈሉትን እኔ ነኝ ከፍዬ የጨረስኩት ማለት ነው? የሀገር ውስጥ እዳ ከኢኮኖሚው አንጻር ቀነሰ ሲባል እሰማለሁ፣ ይቀንሳላ፣ እኔ እያለሁለት።

እና ደሞ መንግስት ከብሄራዊ ባንክ ብር አሳትሞ መበደር አቁሜያለሁ አለ፣ ጥሩ፣ እሱን አደንቃለሁ ከልቤ፣ ግሽበቱን ያባባሰው አንዱ እሱ ነበር። ግን አሁን የሚጎድለውን ከየት ሊያመጣ ነው፣ ከታክስ። ታክስ ከማን፣ ደሞዝተኛው መቼም አያመልጥም፣ እጁ ሳይገባ ነው የሚቆረጥበት።

አባዶ ልጅ፦
@ሰበታዊት ቲቸር ምርጥ ብለሻል። መንገዱ መብራቱ ኮሪደሩስ? እሱን ማቆም አይሻልም ነበር?

ሰበታዊት፦
@አባዶ ልጅ ኮሪደሩ በአብዛኛው የከተማው ባጀትና መዋጮ ነው የፌደራል እዳ ውስጥ አታስገባው። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን እስማማለሁ፣ እኛ ትምህርት ቤት ክፍል ሙሉ ልጅ በአንድ መጽሀፍ እየተማረ መሀል ከተማ በየአምፖሉ ስር ፎቶ ሲነሱ ሳይ ያመኛል።

አንጋፋው፦
ልጆቼ፣ ሱቅ በር ላይ ያሉትን ሰውዬ አትፍረዱባቸው። በእርግጥ የተሰረዘበት ጊዜ ነበር። ከደርግ ጀምሮ የተከማቸው እዳ ከባድ እዳ ያለባቸው ድሃ አገሮች በሚባለው ፕሮግራም 1996 ላይ ተቃለለ፣ 1998 ላይ ደግሞ አለም ባንክና አይኤምኤፍ ካላቸው አብዛኛውን ሰረዙ። ከዚያ ወዲህ ነው እንደገና ከዜሮ በሚባል ደረጃ የተጀመረው። በዚያን ጊዜ የነበሩት አበዳሪዎች ጥቂት መንግስታትና ድርጅቶች ነበሩ፣ አንድ አዳራሽ ገብተው ይጨርሱታል። ዛሬ ቦንድ የገዛው ባለሃብት በአንድ ወገን፣ ቻይና በሌላ፣ እያንዳንዱ እኔ ስተው ያኛው እንዳይጠቀም ብሎ ይጠባበቃል። ለዚህ ነው አራት አመት የፈጀው።

ባለሱቁ ከኮዬ፦
ተባረኩ በጣም ነው የገባኝ፣ የዘይቱን ነገር ለጋሼ ነግሬያቸው ዝም አሉ፣ እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ አላውቅም። @አንጋፋው አባቴ እርስዎንም አመሰግናለሁ። አንድ ግን ይቀረኛል። ወደፊት ተገፋ ያላቹት ክፍያ ሲመለስ ዶላር የዛሬው ላይ ካልቆመ ያ 4.3 ቢሊዮን ያላቹት ስንት ሊሆን ነው? ኤክስፖርቱ ካላደገ ከየት ነው ዶላሩ? ቡናና ወርቅ ብቻ እንዳትሉኝ። መልሱልኝ፣ እኔ ማታ ነው የማየው እቃ ሊወርድ አይሱዙ ቆሟል።