የአፈሙዝ ፍሬን፦ መልኩን ወይስ ጉልበቱን ልምረጥ?

ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን የማድንበት የ300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃ ትከሻዬን ክፉኛ እየመታ ስላስቸገረኝ፣ አፈሙዙ ላይ ፍሬን፣ ማለትም የተኩሱን ጋዝ አቅጣጫ አስቀይሮ ምቱን የሚቀንስ ጫፍ፣ ላስገጥም ወስኛለሁ። ምርጫው ግን ግራ አጋብቶኛል። አንደኛው ውፍረቱ ከአፈሙዙ ጋር እኩል ሆኖ ዙሪያውን በትናንሽ ቀዳዳዎች የተበሳ ነው፤ ከጥቁሩ ብረትና ከዋልነት እንጨት ሰደፉ ጋር አብሮ የተሠራ ይመስላል። ሆኖም በደረት ተኝተው ሲተኩሱ ከታችኞቹ ቀዳዳዎች የሚወጣው ጋዝ አቧራ አስነሥቶ ዒላማውን ይጋርዳል። ሌላው በሁለቱም ጎኑ ሰፋፊ መስኮቶች ያሉት ወፍራም ብረት ነው። ጋዙን ወደ ጎንና በመጠኑም ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ምቱን አጥብቆ ይቀንሳል፤ በዚያ ቀጭን አፈሙዝ ጫፍ ላይ ሳየው ግን ዓይኔ አልቀበል አለኝ። ሁለቱም ድምፃቸው ስለሚያይል የጆሮ መከላከያ የግድ ነው። ሁለቱንም የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ትከሻ ላይ የሚሰማው ልዩነት የጠመንጃውን መልክ ለመሠዋት የሚያበቃ ነው?